ጋሼ በሪሁን የተማከሩ ዕለት

ዕቃ ገዝቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው በዚህች አገር እስካሁን አልተወለደም። ሱቅ ውስጥ ያለው ጣጣ ቀላሉ ነው፤ ሻጩ ይምላል፣ ገዢው ጥሎ የሚሄድ ይመስላል፣ ይጠሩታል፣ ይመለሳል፣ ይስማማሉ። መከራው የሚጀምረው ዕቃው በካርቶን ታሽጎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ በኩሊ ትከሻ ሰፈር ሲደርስ ነው። እዚያ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የማይገኝበት ሰፈር የለም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ዕቃውን ከላይ እስከ ታች ያየውና ያቺን የታወቀች ጥያቄ ይጠይቃል።

«ገዛኸው እንዴ?»

መግዛትህማ ይታያል፤ ኩሊው ላብ አጥምቆት አጠገብህ ቆሟል። ቢሆንም ጥያቄዋን ስትሰማ ካርቶኑን መልሰህ ታያለህ። ወዲያው ታናሽ እህቷ ትከተላለች፤ «ሳታማክረኝ?»

ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ሀፍሷ በተወለደችበትና የእንጨት ሥራ ቤቷን በከፈተችበት ግቢ፣ ይህን ማዕረግ በሙሉ ክብር ይዘውት የኖሩት ጋሼ በሪሁን ናቸው። በሌላ ሰፈር ያሉት ለማጅ ናቸው። ክቡር ጋሼ በሪሁን የአንድ የመንግሥት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ጡረተኛ፣ የቡናማ ካፖርት ባለቤት፣ የእትዬ ሸዋገነት ባል፣ የተገዛ ዕቃ ሁሉ የበላይ ተመልካች ነበሩ።

ድንጋጤያቸው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ካፖርታቸውን ይቆልፋሉ፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በዕቃው ዙሪያ ይዞራሉ። በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጉታል፣ ያዳምጣሉ፣ እንደገና ቋ ያደርጉታል። በመጨረሻም አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው «በስመ አብ!» ይላሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ያን ጊዜ በቃ ገንዘቤ ገደል ገባ ብሎ ያዝናል።

ባህረዲን የዕድር ጎረቤታቸው ነው፤ ጨርቅ ይነግዳል። የዛሬ ስንት ዓመት እናቱን ለማስደሰት ፍሪጅ ገዝቶ መጣ። ጋሼ በሪሁን በሩን ከፍተው ጭንቅላታቸውን አስገቡና ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው የቀብር ፊት ነበር። «ባህረዲን፣ ልጄ፣ ሳታማክረኝ?» አሉ። እናቱ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው እዬዬ አሉ። ፍሪጁ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የባህረዲን እናት ግን በሩን በከፈቱ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

በግቢው ጫፍ የሚኖረው ጴጥሮስ አባቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ አልዳነም። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ጋሼ በሪሁን ተጠግተው ሳጥኑን ቋ ቋ አደረጉት። «ከየት ነው የገዛችሁት?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ሲነግሯቸው እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ሟቹ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ተነሥተው ሊያስለውጡ ይሄዱ ነበር። የዚያው ግቢ ጎረቤት የመሊካ ሕፃን የተወለደ ጊዜ ደግሞ ሊጠይቁ ገብተው፣ ስሙን ሰምተው፣ «አወጣችሁለት እንዴ?» ብለዋል።

ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ተናዶ «እሺ፣ ምን ልግዛ ኖሯል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ጋሼ በሪሁን ያን ጊዜ መነጽራቸውን መልሰው ያደርጉና በረጅሙ ይተነፍሳሉ። «አሁንማ ምን ዋጋ አለው!» ብለው ይሄዳሉ። በዚህም ምክንያት የትኛው ፍሪጅ፣ የትኛው ሳጥን፣ የትኛው ስም ጥሩ እንደሆነ በግቢው እስካሁን አልታወቀም።

ሀፍሷም የራሷን ድርሻ ቀምሳለች። መብራትና ውኃ ተራ ገብተው በሚመጡበት፣ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት በሚደራጅበት በዚያ ዘመን፣ ያላትን አራግፋ የሲኤንሲ ማሽን ገዛች። ነገሩ ሰፊ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ላይ አንድ ራስ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ በራሱ ላይ የታሰረው ሞተር ደግሞ ቢላዋ ይዞ ይሽከረከራል። ኮምፒውተሩ ላይ የተሣለውን ሐረግ እንጨት ላይ ይቀርጸዋል። የሙሽራ አልጋ ራስጌ፣ የሳሎን በር፣ የቁም ሣጥን መከለያ ትሠራበታለች። ጠረጴዛው ከመኪና ሲወርድ ጋሼ በሪሁን ካፖርታቸውን ሲቆልፉ አየቻቸው።

ማሽኑ ግን ጥሩ ሠራ። ጥፋቱ ድምፁ ነበር። የታሰረለት ሞተር ራውተር የሚሉት፣ አናጢዎች በእጃቸው ይዘው የሚሠሩበት ዓይነት ነው። ሲነሣ ይጮሃል፤ እንጨት ሲነካ ደግሞ ያለቅሳል። ግድግዳ የሚጋሯት እትዬ እቴቴ አንድ ቀን ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠምጥመው መጡ።

«ሀፍሷዬ፣ የኔ እናት፣ እንጨቱን አይደለም እኮ የምትቀርጪው፣ ጥርሴን ነው!»

እትዬ እቴቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሆንም ሰው ናቸው፤ ወረዳ ሄደው አመለከቱ። ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ግድግዳውንም ማሽኑንም አይተው ቁርጡን ነገሯት፤ ከእንግዲህ አንድ አቤቱታ ከመጣ ሥራ ቤቱ ይታሸጋል፣ እሷም ከከተማ ዳር ቦታ ትፈልግ። ከተማ ዳር ማለት ደግሞ ለሀፍሷ መዝጋት ማለት ነው። ደንበኞቿ ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ ጎራ የሚሉ፣ መጋረጃ ሊገዙ መጥተው አልጋ የሚያዙ ናቸው። ማን እስከዚያ ይከተላታል? በዚሁ ሐሳብ እንዳለች ራውተሩ በአንድ የአልጋ ራስጌ መካከል ላይ ሽታ አመጣ፣ ጨሰ፣ ጸጥ አለ። እትዬ እቴቴ በግድግዳው ማዶ «ተመስገን» ሲሉ በግልጽ ተሰማ።

ሀፍሷ የማሽን ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ፉርቃን ሱቅ ሄደች። ፉርቃን ሁለት ሞተር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠላት።

«ይሄ ያው ራውተር ነው» አላት። «ሶኬት ላይ ትሰኪዋለሽ፣ በቃ። ውስጡ ያለው ካርቦን ቢያልቅ የትም ተራ ይገኛል። ግን ይጮሃል፤ አመሉን ታውቂዋለሽ። ይሄኛው ስፒንድል ይባላል። ጨዋ ነው። ሲዞር ትንፍሽ አይልም፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይደክመውም። ግን የመብራቱን ኃይል የሚመጥንለት ኢንቨርተር የሚባል ዕቃ ለብቻው ይፈልጋል። ደሞ ውኃ ይጠጣል።»

«ምን ይጠጣል?»

«ውኃ። ባልዲ ውስጥ ፓምፕ ትከቺለታለሽ፣ ውኃው በጎማ ሄዶ ገላውን አቀዝቅዞ በሌላ ጎማ ባልዲው ውስጥ ይመለሳል። ውኃው ከቆመበት ግን…» ፉርቃን ቃሉን አልጨረሰም። እጁን ብቻ አራገፈ።

ሀፍሷ ደነገጠች። በመርካቶ ሰው የሚጠጣው ውኃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ውኃ የሚጠጣ ሞተር! መግዛት የምትችለው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ራውተሩን ገዝታ እትዬ እቴቴ ዳግመኛ ቢያመለክቱ ሥራ ቤቱ ይታሸጋል። ስፒንድሉን ገዝታ ቢቃጠልባት ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፋ ትቀራለች። ወንድሟ ሙናዊር «የለመድሽውን ያዢ» አላት። የአክስቷ ልጅ ደግሞ ስፒንድል ነው አለ። ቪዲዮ ላይ ያየችው ሕንዳዊ ሁለቱንም አመስግኖ አሰናበታት። ከሁሉ በላይ ግን ያስጨነቃት አንድ ነገር ነበር፤ የትኛውንም ብትገዛ በር ላይ የሚጠብቋት ጋሼ በሪሁን።

አንድ ጠዋት ታዲያ እንጀራ እየቆረሰች ሳለ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ራሷም ደነገጠች።

«ሙናዊር፣ ጋሼ በሪሁንን ላማክራቸው ነው» አለች።

«ከገዛሽ በኋላ?»

«ሳልገዛ።»

ሙናዊር ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። «አበድሽ? እሳቸው እኮ ከመግዛት በፊት ያለውን ጊዜ አያውቁትም!»

ሀፍሷ ግን ሻርፗን አስተካክላ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ጋሼ በሪሁን በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩዋት ቶሎ ብለው እጇን አዩ፤ ባዶ ነው። ከኋላዋ አዩ፤ ኩሊ የለም። ግራ ገባቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ላማክርዎት ነበር።»

«ገዛሽው እንዴ?»

«አልገዛሁም።»

«አልገዛሽም?»

«ልገዛ ነው። እርስዎን ሳላማክር አልገዛም ብዬ ነው የመጣሁት። የትኛው ይሻለኛል?»

ጋሼ በሪሁን ካፖርታቸውን ሊቆልፉ ጀመሩና ቁልፉ ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ አለ። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄዶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሀፍሷ ስለ ራውተሩና ስለ ስፒንድሉ፣ ስለ ጩኸቱና ስለ ውኃው፣ ስለ እትዬ እቴቴና ስለ ወረዳው ሁሉንም ነገረቻቸው። ዓይናቸው ሳይርገበገብ ሰሙ። ስታበቃ ተነሡ፣ «እስቲ… እስቲ ነገ» አሉ፣ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ሀፍሷ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከዚያ በፊት አይታባቸው አታውቅም፤ ይሄኛው ሥርዓት አልነበረውም።

በማግስቱ አልወጡም። እትዬ ሸዋገነት የሀፍሷን ሥራ ቤት አንኳኩተው ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ባሌን ምን አደረግሽብኝ? እህል አይቀምስ፣ ሲገላበጥ ያድራል። ‹ጠየቀችኝ እኮ› ይላል። ሌላ ወሬ የለውም።»

«ኧረ እኔ ማማከሬ ነው እትዬ፣ ላስቸግራቸው ብዬ አይደለም።»

እትዬ ሸዋገነት የተቃጠለውን ራውተር ገፋ አድርገው ተቀመጡ። «አየሽ፣ እዚያ ፋብሪካ ሳለ ሌላው ይመርጣል፣ ሌላው ይገዛል፣ የሱ ሥራ መረከብ ነው። የማይሆን ዕቃ ያመጡለታል። ‹ምነው ብታማክሩኝ› ሲል ‹አሁንማ ተገዝቷል፣ ፈርም› ይሉታል። እንዲሁ ሲፈርም አረጀ። ከመገዛቱ በፊት የጠየቀው ሰው አንቺ ነሽ፤ ሌላ የለም።» ነጠላቸውን አስተካክለው ጨመሩ፤ «እኔም ብሆን ጠይቄው አላውቅም።»

ሀፍሷ ይህን ስትሰማ ክው አለች። ያ ሁሉ ፍሪጅ፣ ያ ሁሉ ሳጥን፣ ያ ሁሉ ቋ ቋ! ያን ሁሉ ዓመት በንዴት ስትሸሻቸው የኖረችው ሰው በር ላይ የሚቆሙት ለዚህ ኖሯል። አዘነችላቸው፤ መልሳ ደግሞ ምነው ባላዘንኩ አለች፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን በኋላ የደረሰባት ቀላል አይደለም።

ጋሼ በሪሁን ሥራ ጀመሩ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በራውተር የሚሠራ ቤት አለ ሲባል ሄደው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ዋሉ። ስፒንድል ያለው ቤት ሲነግሯቸው ማሽኑን ትተው ጎረቤት ገቡ፤ የማያውቋቸው ሰዎች ቤት ገብተው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ሰዎቹ እብድ ነው ብለው ሊጮሁ ነበር። ሀፍሷ ጋ የሚመለሱት በጥያቄ ብቻ ነው። ውኃ ሲጠፋ ባልዲው ከየት ይሞላል? ሰጋቱራው ባልዲው ውስጥ ገብቶ ፓምፑን ቢያንቀውስ? ባልዲው ማን ዘንድ ይቀመጣል? አንዱን ስትመልስ ሌላ ይዘው ይመጣሉ። ሙናዊር «ምናለ ከገዛን በኋላ ቢደነግጡብን» እያለ ይጸጸት ጀመር።

በመጨረሻ ሁለቱም ፉርቃን ሱቅ ቆሙ። ጋሼ በሪሁን ለክት የሚለብሱትን ኮፍያ አድርገዋል። ፉርቃን ሁለቱን ሞተሮች ደረደረ።

«እሺ፣ የትኛው ይሁን?»

ሀፍሷ ወደ ጋሼ በሪሁን ዞረች። ግንባራቸውን አልቧቸዋል። ራውተሩን ቋ አደረጉት። ስፒንድሉን ቋ አደረጉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ስፒንድሉን» አሉ። ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ባልዲውም ከደጅ ይሁን። ግድግዳውን በስተን ጎማውን እናሳልፋለን፣ ሰጋቱራ እንዳይገባበት። ከእኔ በር አጠገብ ይሁን፣ እኔ አየዋለሁ።»

ዕቃው ግቢ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይጠብቃል። ባህረዲን ከፊት ቆሟል። ጃኬቱን ቆልፎ በዕቃው ዙሪያ ዞረ። በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። ቀስ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ጣለ።

«ጋሼ በሪሁን፣ ገዛችሁት እንዴ?» አለ። «ሳታማክሩኝ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የባህረዲን እናት ያ የፍሪጅ ዕንባቸው ተመልሶ በሳቅ ወረደ። ጋሼ በሪሁን ግን አልሳቁም። ክው ብለው ቀሩ። ከዚያ ስፒንድሉን ከኩሊው ትከሻ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት። «ይሄ ዕቃ ምንም አይወጣለትም!» ብለው ጮኹ። በሕይወታቸው አንድን ዕቃ ሲያመሰግኑ የተሰሙት ያን ቀን ነው።

ፉርቃን የላከው ባለሙያ ኢንቨርተሩን በልኩ አስተካክሎ አስነሣው። ስፒንድሉ ዝም ብሎ ዞረ። እንጨት ሲነካ ይሰማል፤ ያ የጥንቱ ለቅሶ ግን የለም። በሁለተኛው ቀን እትዬ እቴቴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉ። «ማሽኑ ተበላሸ እንዴ የኔ እናት? ድምፁ ጠፋብኝ» አሉ። ሀፍሷ ልቧ ሞላ። ጋሼ በሪሁን ባልዲያቸው አጠገብ ዱካቸው ላይ ሆነው ሰሙና መነጽራቸውን ጠረጉ።

ነገሩ የመጣው በጁምዓ ነው። ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል። ሀፍሷ ማሽኑ ላይ ረጅም ሥራ፣ ያንኑ የተቋረጠውን የሙሽራ ራስጌ፣ ጭና ሳለች ቢላዋው መደነዝ መጀመሩን አየች። ሌላ ቢላዋ ካልተገኘ ከሰዓት በኋላ ሥራው ይቆማል። ሙናዊር ወደ መስጊድ ሄዷል። ድሮ በራውተሩ ጊዜ የጁምዓ ሰላት ሲደርስ ማሽኑ ይጠፋ ነበር፤ አሁን ማን ሊሰማው? ሳታጠፋው ወጣች።

«ጋሼ፣ አደራ። ፉርቃን ጋ ደርሼ መጣሁ።»

«ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አሉ።

ቢላዋውን ይዛ ስትመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ሰጋጁ ከመስጊዱ ተርፎ፣ ከጎዳናው ተርፎ፣ ግቢው ውስጥ ድረስ ምንጣፍና ካርቶን አንጥፏል። ሀፍሷ የግቢው በር ላይ ከሰልፉ በስተኋላ ቆመች። ሥራ ቤቷ ከሰልፉ ፊት ለፊት ነው። በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ባልዲው አየች።

አንድ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ፣ ከገጠር የመጡ የሚመስሉ አዛውንት ከግድግዳው የሚወጣውን ጎማ ከባልዲው አንሥተው ይዘዋል። ውኃው ፏ ይላል። ውዱእ ያደርጋሉ፤ በእርጋታ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው፣ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም በዚያው ታጥበዋል መሰለኝ፣ ከባልዲው እስከ ሰልፉ ድረስ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ውኃ በጠፋበት ሳምንት፣ በጁምዓ ቀን፣ ከግድግዳ የሚፈልቅ ውኃ! አንድ ደግ ሰው ለአላህ ብሎ ያቆመው መስሏቸው ነው፤ ማንም ቢሆን ይመስለዋል። አዛውንቱ ጎማውን መሬት ላይ ጣል አድርገው፣ ያላዩትን ባለቤት መርቀው፣ ሰልፍ ገቡ። ሰላት ተጀመረ።

በዚህ ጊዜ ጋሼ በሪሁን የጾም ሽሯቸውን በልተው፣ አፋቸውን እየጠረጉ ከቤታቸው ወጡ። ባልዲውን አዩ። ጎማውን አዩ። ጭቃውን አዩ። ካፖርታቸው አልተቆለፈም፣ መነጽራቸው አልወለቀም፣ «በስመ አብ» አልተባለም። ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

ቀና ሲሉ በተደረደረው ጀርባ ሁሉ ላይ አሻግረው ከሀፍሷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሀፍሷ አውራ ጣቷን አውጥታ ማጥፊያውን ይጫኑ ብላ ምልክት ሰጠቻቸው። ገብቷቸዋል። ግን የሥራ ቤቱ በር ከሰጋጁ ፊት ነው፤ በሚሰግድ ሰው ፊት ደግሞ አይታለፍም። ጋሼ በሪሁን መርካቶ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ይህን ለማወቅ መስገድ አያስፈልጋቸውም። መጮኽም አይቻልም። ፓምፑ ባዶ ባልዲ መጥባት ጀምሮ ክርርር ሲል ሀፍሷ በር ላይ ሆና ይሰማታል። ከግድግዳው ማዶ ስፒንድሉ ውኃ ጠምቶት ይዞራል። ያ ሞተር ከተቃጠለ ሌላ የለም፤ ግቢው የለም፣ ሥራው የለም። እንባዋ መጣ።

ጋሼ በሪሁን ዞረው ቤታቸው ገቡ። ሲወጡ አንድ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለዋል። ተንበርክከው ጎማውን ወደ ባልዲው መልሰው ክዳኑን ከፈቱ። ከኋላቸው እትዬ ሸዋገነት ነጠላቸው እየተጎተተ ብቅ አሉ፤ ሀፍሷ ያን ጊዜ ጀሪካኑን ለየችው። እትዬ ሸዋገነት ለሚያማቸው ጉልበት ብለው፣ እንጦጦ ድረስ ወጥተው፣ ተሸክመው ያመጡት ጠበል ነው። አልጋ ሥር የሚቀመጥ፣ በስኒ እየተለካ የሚቀዳ። ጋሼ በሪሁን ገለበጡት።

እትዬ ሸዋገነት በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ሰው እየሰገደ ነውና መጮኽ አልቻሉም፤ በሹክሹክታ ጮኹ። ሀፍሷ ካለችበት ሆና ድምፅ አልሰማችም። ግን የእትዬን ከንፈር አየች፤ ያን ቃል በዚያ ግቢ በዓይኑ የማይሰማ ሰው የለም።

«ጠበሌን! ሳታማክረኝ?»

ጋሼ በሪሁን የመጨረሻዋን ጠብታ አራግፈው ቀና አሉ። ፓምፑ ክርርሩን ትቶ ውኃ ያዘ። እሳቸውም ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

«አሁንማ ምን ዋጋ አለው!»

በዚያው ቅጽበት መንገዱን ሞልቶ የቆመው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ኣሚን» አለ። ሀፍሷ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት፤ በሻርፗ አፏን አፈነች።

ሰላቱ ሲያልቅ ነገሩ ታወቀ። አዛውንቱ የማሽን ውኃ መሆኑን ሲሰሙ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ጥምጣማቸውን ያዙ። ወደ ዘመዶቻቸው ሱቅ ልከው ጀሪካን በጀሪካን አስመጡ፤ በሚቀጥለው ጁምዓም ለውዱእ የሚሆን በርሜል ለብቻው በር ላይ ቆመ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ባህረዲን ምክንያቱን ሲያስረዳ «የሁለቱም ወገን ጸሎት ያለበት ዕቃ አይቃጠልም» ይላል። እትዬ ሸዋገነት ግን ለሦስት ቀን ባላቸውን አላናገሩም። እሑድ ማለዳ ሀፍሷ አብራቸው እንጦጦ ወጣች፤ እሳቸው እስኪጠመቁ ከደጅ ጠብቃ ጀሪካኑን ራሷ ተሸክማ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በሪሁን እንደ ድሮው አልሆኑም። በግቢው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያማክራቸው ጀመር። ጴጥሮስ ስለ ቴሌቪዥን፣ መሊካ ስለ ምንጣፍ፣ ባህረዲን እንኳ ስለ ሌላ ፍሪጅ። እሳቸው ደግሞ ሲጠየቁ ይጨነቃሉ፤ እንቅልፍ አጡ፣ ከሱ፣ ካፖርቱ ሰፋባቸው። በር ላይ መቆማቸውንም ተዉት።

ሀፍሷ ይህን አይታ ሆዷን በላት። አንድ ቀን ለማንም ሳትናገር ጫማ ገዛች፤ ተረከዙ ረጅም፣ ቀለሙ ብርቱካን፣ መርካቶ ከሚሸጠው ሁሉ የማይረባውን መርጣ። በካርቶኑ እንደታሸገ ይዛው የጋሼ በሪሁንን በር ስታልፍ ሆን ብላ እግሯን ጎተተች።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ጫማ ነው ጋሼ።»

ጋሼ በሪሁን ከዱካቸው ተነሡ። አንገታቸው ዘመም አለ። ጣታቸው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ ፈለገ፤ በመጀመሪያው አገኘው።

«ገዛሽው እንዴ?» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።